ዘይቤያዊ አነጋገር፦ ቃል መቼ በቀጥታ፣ መቼ በዘይቤ ይወሰዳል?

ታላቁ ሰሃባ ዐዲይ ኢብን ሐቲም (ረ.ዐ.) የጾም ሰዓትን የሚወስነውን የቁርኣን አንቀጽ በሰሙ ጊዜ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ገመድ አዘጋጅተው ከትራሳቸው ሥር አኖሩ። አንቀጹ (አል-በቀራህ፣ 187) ጿሚ ነጩ ክር ከጥቁሩ ክር እስኪለይለት ድረስ እንዲበላና እንዲጠጣ ይፈቅዳል። ዐዲይ ሌሊቱን ገመዶቹን ቢያዩም አልለይ አሏቸው። ሲነጋ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄደው ነገሩን አስረዱ። ነቢዩም ነገሩ የሌሊቱ ጨለማና የቀኑ ብርሃን እንደሆነ ገለጹላቸው። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ዐዲይ የጠይእ ጎሣ አለቃ፣ በልግስናቸው ስማቸው የሚነሣው የሐቲም አጥ-ጣኢ ልጅ ነበሩ። ዐረብኛ የእናት ቋንቋቸው ነው። ቋንቋውን ከእናታቸው የተማሩ ሰው ዘይቤያዊውን ቃል በቀጥታ ከወሰዱት፣ በትርጉም የምናነብ ሰዎች ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን መገመት አያዳግትም። ችግሩ በቅዱስ መጽሐፍ ንባብ ብቻ የሚያበቃም አይደለም። በቤት ውስጥ ጠብ፣ በሽምግልና፣ በፍርድ ቤትና በአስተርጓሚ ፊትም ይገጥመናል። ይህ ጽሑፍ የዘይቤያዊ አነጋገር ዋና ዋና ዓይነቶችን በአማርኛና በዐረብኛ ምሳሌዎች ካሳየ በኋላ አንድ ቃል በቀጥታ ወይስ በዘይቤ እንደተነገረ የምንለይበትን መንገድ ያብራራል።

ሐቂቃና መጃዝ

አንድ ቃል ሰዎች መጀመሪያ በሰጡት ፍቺ ሲነገር ቀጥተኛ ነው፤ ዐረቦች ሐቂቃ ይሉታል። «አንበሳ ጫካ ውስጥ ይኖራል» ስንል አንበሳው አንበሳ ነው። ቃሉ ከዚያ ፍቺ ተሻግሮ ሌላ ነገር ሲያመለክት ዘይቤያዊ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ መጃዝ ይባላል። «አንበሳው ሰነዱን ፈርሞ ወጣ» ስንል አውሬ ሰነድ ስለማይፈርም ደፋር ሰው ማለታችን እንደሆነ ሰሚው ወዲያው ይረዳል። ፍቺውን ያሻገረው «ፈርሞ» የሚለው ቃል ነው። እንዲህ ያለውን መሪ ምልክት ዑለሞች ቀሪና ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ቃል ይኸው ነው።

በዚህ መስክ ጥንታዊ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ የአቡ ዑበይዳ መዕመር ኢብን አል-ሙሠና «መጃዝ አል-ቁርኣን» ነው። ዕውቀቱን ወደ ከፍታ ያደረሱት ግን በ471 ሂጅራ (1078 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ዐብዱልቃሂር አል-ጁርጃኒ ናቸው። «አስራር አል-በላጋ» እና «ደላኢል አል-ኢዕጃዝ» የተሰኙት መጽሐፎቻቸው እስከ ዛሬ የበላጋ ትምህርት መሠረት ናቸው። ቃላትን ሐቂቃና መጃዝ ብሎ መክፈሉን ሁሉም ዑለማ የተቀበለው አይደለም። በ728 ሂጅራ (1328 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ሸይኹል ኢስላም ኢብን ተይሚያ ክፍፍሉን ተቃውመዋል። ይሁንና የቃል መልእክት ከአገባቡና ከዙሪያው እንደሚታወቅ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። የአላህን (ሱ.ወ.) ባሕርያት የሚመለከቱ አንቀጾች የዐቂዳ ሊቃውንት በሰፊው የተነጋገሩባቸው በመሆናቸው እዚህ አንገባባቸውም።

ዋና ዋና ዓይነቶቹ

ተነጻጻሪ ዘይቤ (ተሽቢህ)። ሁለት ነገሮችን «እንደ»፣ «ያህል»፣ «ይመስላል» በመሳሰሉ ቃላት ያነጻጽራል። «ልጁ እንደ ንብ ታታሪ ነው» እንላለን። በሐዲስ አምስቱ ሶላቶች በደጃፍ በሚያልፍ ወንዝ በቀን አምስት ጊዜ ከመታጠብ ጋር ተነጻጽረዋል። እዚህ ላይ ሁለቱ ነገሮች የሚመሳሰሉበትን ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል። ነጥቡ መጥራት ነው፤ ወንዙ ቆሻሻን እንደሚወስድ ሶላትም ኃጢአትን ያብሳል። ሶላት እንደ ውሃ ይፈሳል ወይም እንደ ወንዝ በበጋ ይቀንሳል ብሎ ምሳሌውን መለጠጥ ተናጋሪው ያላለውን ማስባል ነው።

ተለዋጭ ዘይቤ (ኢስቲዓራ)። «እንደ» የሚለው ቃል ወጥቶ አንዱ ነገር በሌላው ስም ሲጠራ ነው። ኢስቲዓራ የሚለው ቃል ራሱ «መዋስ» ማለት ነው፤ ቃሉ ከባለቤቱ ተውሶ ለሌላ ያገለግላል። በሱረቱል ኢስራእ ልጅ ለወላጆቹ የትሕትና ክንፉን ዝቅ እንዲያደርግ ታዟል። ሰው ክንፍ የለውም፤ ወፍ ጫጩቶቿን ስታቅፍ ክንፏን እንደምታወርድ ልጅም ለወላጁ ይለዝብ ማለት ነው። በሱረቱ መርየም ደግሞ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ራሳቸው በሽበት መንደዱን ለጌታቸው ይናገራሉ። አል-ጁርጃኒ ይህን አንቀጽ ሲተነትኑ መንደዱ ለሽበቱ ሳይሆን ለራሱ መሰጠቱን ልብ ይላሉ። «በቤቱ ውስጥ እሳት ነደደ» ብንል እሳቱ በአንድ ጥግ ሊሆን ይችላል፤ «ቤቱ በእሳት ነደደ» ስንል ግን የተረፈ ነገር የለም። ሽበቱም እንዲሁ ራሱን ሁሉ ማዳረሱ በቃላቱ አቀማመጥ ብቻ ተነግሯል።

ምትክ ዘይቤ (መጃዝ ሙርሰል)። አንዱ ነገር በሌላው ቦታ የሚጠራው ስለሚመስለው ሳይሆን ስለሚጎራበተው ነው። «ድስቱ ፈላ» እንላለን፤ የፈላው ወጡ ነው። «ሦስት ሲኒ ጠጣሁ» ስንል የጠጣነው ቡናውን ነው። በሱረቱ ዩሱፍ ወንድማማቾቹ አባታቸው ከተማይቱን እንዲጠይቁ ያሳስባሉ፤ የሚጠየቁት ነዋሪዎቿ እንጂ ግንቦቿ አይደሉም። በሱረቱል በቀራህ መብረቅ የፈሩ ሰዎች ጣቶቻቸውን ጆሯቸው ውስጥ ሲያደርጉ ተገልጿል፤ የሚገባው የጣት ጫፍ ነው። ሙሉው ጣት መጠራቱ ግን የፍርሃታቸውን ብርታት ያሳያል።

ግነት (ሙባለጋ)። «ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ»፣ «በረሃብ ሞትኩ» የምንለው ነው። አንዳንድ አጥባቂ ወንድሞች ይህ ከውሸት እንዳይቆጠር ይሰጋሉ። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ለትዳር ስለጠየቋቸው ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባማከሩ ጊዜ፣ ስለ አቡ ጀህም የተነገራቸው በትሩን ከትከሻው የማያወርድ ሰው መሆኑ ነበር። አቡ ጀህም ሲበላና ሲተኛ በትሩን ማስቀመጡ የታወቀ ነው። ሴቶችን መምታት ያበዛል ለማለት እንደሆነ ሌላው የሐዲሱ ዘገባ ያስረዳል፤ ጉዞ ያበዛል ማለት ነው ያሉም አሉ። ኢማም አን-ነወዊ (ሞት 676 ሂጅራ) እንዲህ ያለ አነጋገር ለመፈቀዱ ይህን ሐዲስ ማስረጃ አድርገዋል። ሰሚው ግነት መሆኑን የሚያውቀው ግነት ሰውን አያታልልም። በገበያ «ይህ ዕቃ ዕድሜ ልክ አይበላሽም» ብሎ ገዢን ማሳመን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገዢው እውነት ብሎ ገንዘቡን ያወጣበታልና።

ምፀት። የሚባለውና የሚፈለገው ተቃራኒ ሲሆኑ ነው። ብርጭቆ የሰበረን ልጅ «ጎበዝ! ሌላውንም ድገመው» ስንለው ማድነቃችን አይደለም። ምልክቱ በድምፅና በፊት ላይ ስለሚቀመጥ በጽሑፍ መልእክት ሲላክ በቀላሉ ይጠፋል። በስልክ መልእክት ከሚነሡ ጠቦች ብዙዎቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ሰምና ወርቅ (ተውሪያ)። አንድ ቃል ቅርብና ሩቅ ፍቺ ኖሮት ተናጋሪው ሩቁን ሲያስብ ነው። በሂጅራው ጉዞ ላይ አቡበክር (ረ.ዐ.) አብሯቸው ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ መንገድ የሚመራቸው ሰው እንደሆነ ይመልሱ ነበር። ሰሚው የበረሃ መንገድ መሪ መሰለው፤ ሰሙ ይህ ነው። ወርቁ ግን ወደ መልካሙ መንገድ የሚመሩ ነቢይ ማለት ነበር። አቡበክር አልዋሹም፤ የነቢዩንም ሕይወት ጠበቁ። ይሁን እንጂ ይህ በር ለአታላይ የተከፈተ አይደለም። መሐላ በሚያስምለው ወገን አረዳድ እንደሚታሰብ በሙስሊም ዘገባ የተረጋገጠ ሐዲስ አለ። በዳኛ ፊት በሰምና ወርቅ ምሎ የሰው ሐቅ መብላት አይቻልም።

ፈሊጥና ኪናያ

ኪናያ ነገሩን በስሙ ሳይጠሩ በጎኑ ባለ ነገር መግለጽ ነው። አንዱ ጥቅሙ ሐያእን መጠበቅ ነው። ቁርኣን መጸዳዳትን ሲጠቅስ የተጠቀመበት «ጋኢጥ» የሚለው ቃል ዝቅ ያለ ቦታ ማለት ነው። የገጠር ሰው «ሜዳ ወጣ» እንደሚለው መሆኑ ነው። በአማርኛም የሞተን ሰው «ዐረፈ»፣ «ወደ አኼራ ሄደ»፣ ያረገዘችን ሴት «ነፍሰ ጡር» የምንለው ለዚሁ ነው።

ፈሊጣዊ አነጋገር ደግሞ የቃላቱ ፍቺ ተደምሮ የማይገኝ፣ ሕዝቡ በአንድነት የተስማማበት አነጋገር ነው። በየቀኑ ከምንሰማቸው ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው፦

ሆደ ሰፊ — ታጋሽ፣ ነገር ቻይ
ሆደ ባሻ — ቶሎ የሚከፋው
ዐይን አውጣ — ኀፍረት የሌለው
ጆሮ ጠቢ — ወሬ ለቃሚ፣ ሰላይ
ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት — ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን
ልብ መግዛት — ረጋ ብሎ አስተዋይ መሆን
አንጀት መብላት — በጣም ማሳዘን
አንጀት ማራስ — ከልብ ማስደሰት
እግሬ አውጪኝ ማለት — ሮጦ ማምለጥ
ውሃ የማያነሳ — የማያሳምን፣ ደካማ ምክንያት

«አንጀቴን በላኝ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ብንመልሰው ሰሚው ይደነግጣል። በሰው አገር ሐኪም ዘንድ ወይም በስደት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚያስተረጉም ሰው ይህን ማወቅ ግዴታው ነው። ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን ያሻግራል፤ እርግጠኛ ካልሆነም ባለጉዳዩን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

አንዱ አካል፣ ሁለት ፍቺ

ሁለት ሕዝቦች አንድን የሰውነት ክፍል ለተቃራኒ ነገር ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከባለቤቶቻቸው መካከል በሞት ቀድማ የምትከተላቸው እጇ የረዘመው እንደሆነች በነገሯቸው ጊዜ ባለቤቶቻቸው እጆቻቸውን ይለካኩ ነበር። ቀድመው ያረፉት ግን በ20 ሂጅራ ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ሆኑ። ዘይነብ በእጃቸው እየሠሩ ሶደቃ የሚሰጡ ሴት ነበሩ። የእጅ መርዘም ልግስና እንደነበር ያን ጊዜ ተረዱ። ይህን ሐዲስ ለልጆች በአማርኛ የሚያስተምር ኡስታዝ ግን ማብራሪያ ካልጨመረ ይቸገራል። በእኛ አገር «እጀ ረጅም» የሚባለው ሌባ ነውና!

አመድም እንዲሁ ነው። በዐረብኛ የበላጋ መጻሕፍት «አመዱ የበዛ» የሚለው የእንግዳ ተቀባይ መገለጫ ነው። አመድ ከበዛ እሳቱ በዝቷል፤ እሳት ከበዛ የሚበስለው በዝቷል፤ የሚበስለው ከበዛ እንግዳው በዝቷል። በአማርኛ ግን «እጄ አመድ አፋሽ ነው» የሚለው ደግ ሠርቶ ምስጋና ያጣ ሰው ነው፤ «አመዱ ቡን አለ» የሚባለውም የተዋረደ ወይም ያለው ሁሉ የጠፋበት ነው። በአንጻሩ ቃሉ ተለያይቶ ሐሳቡ የሚገናኝበት ጊዜም አለ። ዐረብ ልጁን «የጉበቴ ቁራጭ» ሲል እኛ «የአብራኬ ክፋይ» እንላለን።

የቁርኣንን መልእክት ወደ አማርኛ የመለሱት ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ በየአንቀጹ መካከል ማብራሪያ ቃላትን በቅንፍ ያስገቡት እንዲህ ላለው ችግር መፍትሔ ለመስጠት ጭምር ነው። ቅንፉ የአንባቢ ድልድይ ነው። ትርጉሙን ስናነብ ቅንፉን ዘልለን ማለፍ የለብንም፤ ቅንፍ ውስጥ ያለውንም ከአንቀጹ ቃል ጋር መቀላቀል የለብንም።

መለያው መንገድ

የኡሱል አል-ፊቅህ ሊቃውንት አንድ መነሻ አላቸው፦ ንግግር በመሠረቱ በቀጥተኛ ፍቺው ይወሰዳል፤ ወደ ዘይቤ የሚሻገረው ቀሪና ሲገኝ ብቻ ነው። ይህ ደንብ ከሁለት ጽንፎች ይጠብቃል። አንደኛው ዘይቤውን እንደ ቀጥተኛ ይዞ ገመድ ከትራስ ሥር ማኖር ነው። ሁለተኛው፣ በዘመናችን የሚብሰውም፣ ግልጽ ትእዛዝ ያልተመቸው ሰው «ይህ ምሳሌ ነው» እያለ ማምለጡ ነው። የማይመች መሆኑ ቀሪና አይደለም። ሶላት፣ ዘካ፣ አደራና የወለድ ክልከላ ምሳሌ ቢባሉ ከሃይማኖት የሚተርፍ ነገር የለም።

ቀሪና በሦስት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ከቃሉ ጋር አብሮ የተነገረ ቃል ነው፤ የክሩን ጉዳይ የቋጨው በዚያው አንቀጽ ውስጥ ጎሕን የሚጠቅሰው ቃል ነው። ሁለተኛው አእምሮና ልምድ ነው፤ ከተማ አትናገርምና የሚጠየቀው ነዋሪው ነው። ሦስተኛው ሁኔታው ነው፦ ማን ለማን፣ የትና በምን ስሜት እንደተናገረ።

ትዳርን የሚነካ ቃል

ይህ ዕውቀት ከመድረሳ ወጥቶ ቤታችን የሚገባው በፍቺ ጉዳይ ነው። ፉቀሃእ የፍቺን ቃል ሶሪሕ (ግልጽ) እና ኪናያ ብለው ይከፍሉታል። ባል ሚስቱን መፍታቱን በግልጽ ቃል ከተናገረ ቀልዴን ነው ማለቱ አያድነውም፤ ኒካሕና ፍቺ በቀልድም እንደ ቁም ነገር እንደሚያዙ በሐዲስ ተነግሯል። «ሂጂ ወደ እናትሽ ቤት» ወይም «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም» ቢል ግን ቃሉ ፍቺም ሊሆን ይችላል፣ የንዴት ንግግርም ሊሆን ይችላል። በሻፊዒ መዝሀብ ተናጋሪው በልቡ ያሰበው ይጠየቃል። በሐነፊ መዝሀብ ከኒያው በተጨማሪ የንግግሩ ሁኔታም ይመዘናል። ሁለቱም መዝሀቦች በአገራችን ተከታዮች ስላሏቸው ከአንድ ሸይኽ የተሰማ መልስ ለሁሉም ቤት አይሠራም።

ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ምክር አለ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ከወጣ ባልና ሚስት በራሳቸው «ፈርሷል» ወይም «ምንም አይደለም» ብለው አይወስኑ፤ ጎረቤትም አይፍረድ። ዓሊም ወይም ቃዲ ዘንድ ሲቀርቡም ቃሉን እንዳለ፣ በተነገረበት ቋንቋ፣ ከፊቱና ከኋላው ከነበረው ንግግር ጋር ይናገሩ። በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ባጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ተከራካሪዎች ፈቅደው ጉዳያቸውን ወደነዚህ ፍርድ ቤቶች ማቅረብ ይችላሉ። እዚያ የሚቀርብ ምስክር «ፈታት» ብሎ የራሱን ፍቺ ቢያቀርብና «ሂጂ አላት» ብሎ የሰማውን ቢያቀርብ ልዩነቱ የአንድ ቤተሰብ መኖርና መፍረስ ነው። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በስልጥኛ የተነገረ ቃል በአማርኛ ሲቀርብም መጀመሪያ የተነገረው እንዳለ ተመዝግቦ ፍቺው ከጎኑ ቢቀመጥ ለፍትሕ ይረዳል።

ከመፍረዳችን በፊት

የሰማነው ወይም ያነበብነው ቃል ሲከብደን እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንጠይቅ፦

1. ቃሉ በቀጥተኛ ፍቺው ቢወሰድ ያስኬዳል? የሚያስኬድ ከሆነ ለምን እንለውጠዋለን?
2. ወደ ዘይቤ የሚመራ ምልክት አለ? ከቃሉ፣ ከአእምሮ ወይስ ከሁኔታው?
3. ይህ አነጋገር በተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ምን ማለት ነው? በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ሳይሆን በእርሱ።
4. ተናጋሪው በሕይወት ካለ ጠይቀነዋል? ጽሑፉ የጥንት ከሆነ የተፍሲርና የሐዲስ ማብራሪያ አይተናል? ካልገባንስ ዓሊም ጠይቀናል?

ዐዲይ (ረ.ዐ.) ገመዶቹን አይተው አልለይ ሲሏቸው በራሳቸው ግምት ሌላ ፍቺ አልፈጠሩም፤ ሰዎችንም በተረዱት መንገድ አላዘዙም። ሲነጋ ሄደው ጠየቁ። ከቡኻሪ ዘገባ ይህን ያህል ዘመን የምንማርበት መልስ የተገኘው በዚያ አንድ ጥያቄ ነው።

ወላሁ አዕለም።